በኪሎ የሚለካው ሽሮፕ

ሰኞ፣ ጁን 9

ዝናቡ ገባ። ፕሪም ሊበስል ሲል የሚመጣው ይሄ ዝናብ እንግዲህ ወር ሙሉ አይለቀንም። ጫማዬ ሻግቷል፣ ፎጣው አልደርቅ ብሏል፣ ክሊኒኩ ከጠዋት ጀምሮ በአንካሳ ተሞልቷል። የአሮጌ ውሻ ዳሌ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ውሻና አራት ድመት ላይ የአኩፓንክቸር መርፌ ስተክል ዋልኩ። ዶክተር ሎው፣ የክሊኒኩ ሸሪኬ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ "እትዬ ሩዋን፣ ዛሬ ስንቱን ጃርት አደረጉት?" አለኝ። በየቀኑ ይላታል። ዛሬ ለመሳቅም ደከመኝ።

መምህር ፋንግ ሰሊጥን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ያለችው ሌላ ነፍስ ይቺ የአሥራ አምስት ዓመት ግራጫ ድመት ብቻ ናት። ጥፍሯን እንድቆርጥላት ነበር ያመጧት። "ሌላ ምንም የላትም፤ እንዲያውም በእርጅናዋ ጨዋ ሆናለች፣ መጋረጃዬን መውጣት ትታለች" አሉኝ። የመስኮቱ ደፍ ላይስ ትዘላለች አልኳቸው። ትታለች። ጀርባዋን ትልሳለች? እሱንም። የጀርባዋ ፀጉር ተላቁጦ ጉንጉን ሠርቷል።

"መምህር" አልኩ፣ "ድመት አመመኝ አትልም። የምትወደውን ነገር አንድ በአንድ ትተዋለች፤ ሕመሟ እሱ ነው።"

ሁለት ጣቴን ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ አድርጌ ከትከሻዋ ወደ ታች ቀስ ብዬ ሄድኩ። ወገቧ ላይ ስደርስ ቆዳዋ ብቻውን ዘለል አለ፣ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተኙ። ጉርር ማለቷን ግን አላቆመችም። እሳቸው ደስ ብሏት መሰላቸው። ድመት ሲያማት፣ ስትወልድ፣ ስትሞትም ጉርር ትላለች። ስድስት መርፌ አስገባሁ። አራተኛው ላይ ከጣቴ ሥር ያዝ አደረገኝ፤ አባቴ "ዓሣ መንጠቆ ሲነካ ማለት ነው" ይል ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗ ላላ፣ አዛጋች። መምህር ፋንግ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨዋ ሆነች ብዬ ሳመሰግናት ነበር አሉ።

እቤት ስገባ እናቴ የላይኛውን መደርደሪያ ሳህኖች ሁሉ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸዋለች። የምበላበት ቦታ የለም። ምን ይሉት ነገር ነው ብዬ ተቆጣኋት። "እንዲህ ይሻላል" አለች። መልሼ ሰቀልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ጥድፊያ። የዓሣ ሻጯ የእትዬ ጂን ውሻ ከደረጃ መውረድ አልቻለም፤ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ስሙ ድንች፣ ክብደቱ አርባ ኪሎ፣ ሁለቱም ዳሌዎቹ ያለቁ። መርፌ ብቻ ሁለት ቀን አይቆይለትም። ሎው ማክሰኞ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ያስጀመረው ለዚህ ነው፤ እውነቱን ነው። ዛሬ መርፌውን ጨመርኩበት።

ማታ ራት ላይ ለእናቴ አወራኋት። 

 

ማክሰኞ በተጀመረው ሽሮፕ ላይ ዛሬ መርፌው ሲጨመርበት ድንች ተነስቶ ሦስት ደረጃ ወረደ። እናቴ ቾፕስቲኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። ሽሮፑን አሳዪኝ አለች፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ማር ማር ይሸታል፤ ውሾች ይወዱታል። አብሮት ያለው መርፌ አልባ ስሪንጅ ላይ የተጻፈው የውሻው ኪሎ ነው፤ አርባ ኪሎ ከሆነ አርባ ላይ ድረስ ትስቢያለሽ፣ በቃ፣ አልኳት።

"መርፌውስ፣ ለአሮጌም ይሠራል?" አለችኝ።

"ለአሮጌም ይሠራል፤ ግን በሳምንት ሁለቴ መመላለስ አለበት። ባለቤቶቹ ይሰለቻሉ።"

"እሱስ ልክ ነው" አለች።

እሑድ፣ ጁን 15

እናቴ ፎቁን ትታ ታች የቀርከሃው አልጋ ላይ መተኛት ጀምራለች። ላይ ይሞቃል ትላለች። በዚህ ዝናብ ምን የሚሞቅ ነገር አለ? እግሬን የማሳርፍበት እሱ አልጋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተቀማሁ።

ጠዋት የልብ ክኒኗን፣ ያቺን ደም እንዳይረጋ የምትወስዳትን፣ ሳትረሳ ወስዳለች። በዚህ እንኳ አታስቸግረኝም። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ራሷን ታጥባለች፣ ሩዝዋን ትቀቅላለች፣ እዚህ ጋ ያመኛል ብላ አታውቅም። የሰው እናት በየሳምንቱ ሆስፒታል ታመላልሳለች። እድለኛ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 19

ሰሊጥ ለአራተኛ ጊዜ መጣች። ትናንት መስኮቱ ደፍ ላይ ዘለለች። መምህር ፋንግ ሊያወሩኝ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቁ ሮጠው ነው የገቡት፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በስብሷል። ሎው ሰምቶ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ መምህር፣ መጋረጃውን ያውርዱ" አለ። ሁላችንም ሳቅን።

እናቴም ሰሞኑን ፊቷ በርቷል። ዛሬ ገበያ ደርሳ ባቄላ ገዝታ መጣች፣ ሬዲዮ ከፍታ ኦፔራዋን እያንጎራጎረች ስትፈለፍል ደረስኩ። ድንችስ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። "እኔም ብዬ ነበር" አለች።

የሽሮፑ ጠርሙስ ከግማሽ በታች ሆኗል። ድንች ብቻ ነው የሚወስደው። እኔ ነኝ የምሳሳተው?

እሑድ፣ ጁን 22

አልተሳሳትኩም። ዓርብ አዲስ ጠርሙስ ከፍቼ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ ነበር። ለድንች ከሰጠሁት በላይ ከምልክቱ በታች ወርዷል። ቦርሳውን ከእኔና ከሎው በቀር ማንም አይነካውም። ቀን ክሊኒክ ነው፣ ማታ እቤት በሩ አጠገብ ከእናቴ ጃንጥላ ጋር ነው የሚያድረው። ሎው ሳይጠይቅ ከቦርሳዬ የመበደር አመል አለው፤ ፋሻም እንዲሁ ይወስድብኛል። ለራሱ ደንበኞች ቢወስድስ? አንዴ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዛሬ ሰሊጥ መርፌዋን ይዛ እስክትጨርስ የአባቴን ታሪክ ለመምህር ፋንግ አጫወትኳቸው። አባቴ በኮሙኑ፣ መሬቱም ከብቱም የጋራ በነበረበት ዘመን፣ የገጠር እንስሳት ሐኪም ነበር፤ በቅሎውንም ጎሹንም በመርፌ ያክም ነበር። እናቴ ገመድ ያዥ ነበረች። አንድ ቀን የሚታከመው የውሃ ጎሽ ደንብሮ እናቴን ከግድግዳ ጋር አጣበቃት። አባቴ ሳይደነግጥ ሦስት መርፌ ጎሹ ላይ ተከለ፤ ጎሹ እንደ ሕፃን ተረጋግቶ ተኛ። በበዓል በበዓሉ እቤታችን ሲወራ የኖረ ታሪክ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎሹ የተኛበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይስቃል።

መምህር ፋንግ አልሳቁም። "እናትሽስ?" አሉ።

እናቴ ደህና ነበረች አልኳቸው። በማግሥቱም ገመዱን የያዘችው እሷው ነች።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ተናገርኩ። በመጥፎ ሰዓት፣ በመጥፎ ቦታ። እትዬ ጂን ድንችን ይዛ ተራ እየጠበቀች፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ሎው እጁን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቶ ፋሻ ሲፈልግ አየሁት፤ ያኔ አፌን መያዝ አቃተኝ። "ሽሮፑንም እንዲሁ ነው የምትወስደው?" አልኩ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ እንዳልሆነ ገባው። ፋሻውን መልሶ አስቀመጠ፣ ቦርሳውን ዘጋው፣ "እትዬ ሩዋን፣ እኔ ከእርስዎ አንዲት ጠብታ አልወሰድኩም" አለ። እርጋታው ይበልጥ አናደደኝ። የሰው ፊት እንዲህ ሲገረጣ የማውቅ ሴት፣ የድመት ጆሮ ማንበብ የምችል ሴት፣ የእሱን ፊት ማንበብ አልፈለግሁም።

ዓርብ፣ ጁን 27

ሎው አላናገረኝም። ሥራውን ይሠራል፣ ይሄዳል። ስለ ጃርት አልጠየቀኝም።

መርፌ ያረፈበትን ቦታ ለማሞቅ የምናጨሰው የደረቀ ጭቁኝ አልቋል። ያለውም በርጥበቱ አልቀጣጠል ብሏል።

ጠርሙሱ አሁንም ጎድሏል። እሱ ሦስት ቀን ቦርሳዬ አጠገብ አልደረሰም።

አላውቅም። ክዳኑ እያፈሰሰ ይሆናል።

እሑድ፣ ጁን 29

እናቴ ራቷን አልነካችም። ሆዴን ነፋኝ አለች። በርጥበት ወራት ቶፉ፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ አትብይ ብያታለሁ፤ አትሰማም። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ወይ መብራቱ ነው። አምፖሉን ልቀይረው ስል ስንት ቀን ሆነኝ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ ሙቅ አመጣሁላት። "አንቺ እረፊ፣ ስትቆሚ የዋልሽ ነሽ" አለችኝ። ስሠራ ዋልኩ፣ እቤት ስገባም ሥራ ይጠብቀኛል፣ እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ አመሰግናለሁ አይለኝም አልኳት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። 

"ልክ ነሽ" አለችኝ። ምንም ሳትቀየም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ወደቀች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ። ጎረቤት ደወለልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ውሻ ላይ ዘጠኝ መርፌ ተክዬ። ስልኩን ያነሳው ሎው ነው። መርፌዎቹን አብሮኝ ነቀለ፣ ዘጠኝ ብሎ ቆጠረልኝ፣ መኪናውን አስነሳ።

መጸዳጃው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጨጓራዋ ይደማል። ብዙ ቀን ሆኖታል።

ወደ ሆስፒታል በመንገድ ላይ "መኪናህን አበላሸሁብህ" ብላ ሎውን ይቅርታ ጠየቀችው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ሁለት ከረጢት ደም። በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብተው ቁስሉን አገኙት፣ ደሙን አቆሙት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። ከልብ ክኒኗ ሌላ ምን ይወስዳሉ እማማ? ምንም። የራስ ምታት? የመገጣጠሚያ? ምንም አልወስድም። እኔም በኩራት "እናቴ አመመኝ ብላ አታውቅም" አልኩ። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ እኔ ራሴ መምህር ፋንግን ያየኋቸው አስተያየት ነው።

ልብስ ላመጣላት እቤት ሄድኩ። የሰው ሠራሽ ጥርሷን የምታስቀምጥበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ታጥቦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ እንዲንጠፈጠፍ የተቀመጠ ስሪንጅ። ኪሎ የተጻፈበት። አርባ ሦስት ላይ በቀይ ክር ታስሯል።

እናቴ አርባ ሦስት ኪሎ ናት።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሳህኖቹ። ክንዷን ወደ ላይ ማንሳት አቅቷት ነው። የቀርከሃው አልጋ። ደረጃ መውጣት አቅቷት ነው። ሳህኖቹን እኔ መልሼ ሰቀልኳቸው። ሦስት ጊዜ አውርዳቸዋለች፣ ሦስት ጊዜ ተቆጥቼ ሰቅያቸዋለሁ።

ሆስፒታል ተመልሼ ለሐኪሟ ነገርኳት፤ ሌሎች ሦስት በሽተኞች ባሉበት ክፍል። የውሻ መድኃኒት ነው፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ከእኔ ቦርሳ ነው አልኳት። ከደም ማቅጠኛው ጋር። ሦስት ሳምንት። አንዲት አስታማሚ አፏን ያዘች። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከትከሻዋ ታወቀኝ።

እሑድ፣ ጁላይ 6

ሐኪሟ ከአልጋው እንዳትነሳ ብላታለች። ትነሳለች። አጠገቧ ያለችዋ ሴትዮ ትራስ ሲወድቅባት ልታነሳላት ጎንበስ ትላለች፤ ጎንበስ ስትል እንዴት እንደሆነች አሁን ይታየኛል። ጉልበቷን ነው የምታጥፈው፤ ወገቧን አታጥፍም። ሁሌም እንደዚያ ነበር የምትጎነበሰው። እኔ የሴት ወይዘሮ ስለሆነች መስሎኝ ኖርኩ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ሎውን ይቅርታ ጠየቅሁት። የእናቴን ስሪንጅና ቀይ ክሩን ነግሬ፣ እንደተናገርኩበት፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ባሉበት። እትዬ ጂንም ነበረች። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "ቀይ ክሩን ነው ያልቻልኩት፤ እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው" አለ። ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳዬ ክሊኒኩ ውስጥ ተቆልፎበት እንደሚያድር ነገረኝ። እሺ አልኩ።

ሲወጣ "ዛሬ ስንት ጃርት?" አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ዝናቡ ትናንት ቆመ። እናቴ ትናንት እቤት ገባች። ሳህኖቹን ሁሉ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ነበር የጠበቅኋት። አየቻቸው። መምህር ፋንግ ፕሪም በቅርጫት ልከውላታል፤ ሰሊጥ መጋረጃውን ቀደደችው ብለው በወረቀት ጽፈዋል። ሁለቴ አስነበበችኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ስመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አሥር ቀን የያዝኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

"እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። ለአሮጌም ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ።"

"እኔ እኮ ስለ ውሻው መስሎኝ ነው።"

"አዎ" አለች። "ስለ ውሻው መለስሽልኝ።"

ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የማይወርድልኝ። ቀጥላ፣ እንደ ሌላ ሰው ነገር፣ አባትሽም ማታ እጁ ዝሎ ነበር የሚገባው፣ አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ በሳምንት ሁለቴ መመላለስ አለበት ስትዪ ይሄማ ይከብዳታል ብዬ ተውኩት አለች። ሽሮፑ ግን ቀላል ነበር፤ ማር ማር ይላል፣ ኪሎውም ተጽፎበታል፣ ውሻውም ተነስቷል።

ለሰው መርፌ መትከል ለእኔ አልተፈቀደም፤ ማክሰኞ የሰው ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ፣ በመርፌ የሚያክም፣ ጨጓራዋንም የሚያውቅ። ይህንን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ግን ልዳብስሽ አልኳት። እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ሁለት ጣቴን ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ አድርጌ ከትከሻዋ ወደ ታች ሄድኩ። እጄን እናቴ ጀርባ ላይ ካሳረፍኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እዚህ ጋ? አያመኝም። እዚህስ? አያመኝም። ወገቧ ላይ ስደርስ ቆዳዋ ከጣቴ ሥር ዘለል አለ።

"ምንም አይደለም" አለች።

ጣቴን አላነሳሁም፣ አልተጫንኩም፣ አልጠየቅሁም። ከድመት ጋር የማደርገውን አደረግሁ፤ ጠበቅሁ። ውጭ ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን እያራገፈ ነበር።

"እዚህ ነው" አለች በመጨረሻ። "ከጎሹ ጀምሮ ነው።"

ጎሹ ያጣበቃት እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት በፊት ነው።